አፍንጫሽን ከመስጠትሽ በፊት

ነይ እዚህ ጥላው ስር ቁጭ በይ። ድሬዳዋ ከዚራ ተቀምጦ በፀሐይ መቃጠል ምን አመጣው፣ ይህ ሁሉ ዛፍ ለማን ነው? ስልክሽን ከጀርባሽ ቆሜ አየሁት፣ አትቆጪ፤ ዓይኔ ነው የሮጠው። አውሮፕላን የሚሳፈር ሁሉ አስቀድሞ የቫይረስ ምርመራ ያድርግ ተብሎ ይገደድ፣ አይገደድ እያላችሁ ከጓደኞችሽ ጋር ትሟገታላችሁ። ሻንጣሽ ገና አልተዘጋም፣ አንቺ ሙግት ይዘሻል! አቦ፣ መጀመሪያ ሻይሽን ጠጪ፤ ከዚያ እኔም የምለው አለኝ።

አንደኛ ነገር፣ ሙግቱን ላሳጥርልሽ። ሁሉንም መንገደኛ፣ ዘወትር፣ ለየቫይረሱ መርምሩ የሚለው አይዋጥልኝም። አዲስ በሽታ ሲመጣ፣ ጠባዩ ገና ሳይታወቅ፣ ለጥቂት ወራት ይገደድ ቢባል ግን ቀድሜ ሄጄ አፍንጫዬን እሰጣለሁ። ሁለት ነገር ግን እፈልጋለሁ፤ ዋጋው ከቲኬቱ ጋር የሚፎካከር እንዳይሆን፣ ታምሞ የቀረ ሰውም ቲኬቱን ያለ ቅጣት እንዲቀይር። ቅጣቱን ፈርቶ እያተኮሰው የሚሳፈር ሰው እኮ አለ። አንቺ አታደርጊውም፣ አውቅሻለሁ።

2012ን አስታውሺ እስቲ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በደስታ የዘለልሽው አንቺ አይደለሽም? መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ተገኘ ተባለ፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነበር። ቦሌ ላይ ከዚያ በፊትም የመንገደኛ ሙቀት ይለካ ነበር፤ ትኩሳት ሳይጀምረው የሚያልፈውን ሰው ግን ቴርሞሜትር ምን ያደርገዋል? ከመጋቢት 14 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ሁሉ በገዛ ገንዘቡ ሆቴል ገብቶ 14 ቀን እንዲቀመጥ ተደረገ። አስቢው፣ ለእናቱ ለቅሶ የመጣ ሰው 14 ቀን የሆቴል ግድግዳ ሲያይ! በኋላ ነው በ120 ሰዓት ውስጥ ተመርምሮ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ የፒሲአር ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ቤቱ ገብቶ ራሱን ለይቶ መቀመጥ የቻለው። ምርመራውን ስታሚው ይህን አትርሺብኝ፣ ማሬ። ያን የተዘጋ በር ገርበብ ያደረገው እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ በሽታ የሚሳፈረው አውሮፕላን ብቻ እንዳይመስልሽ። ያውልሽ ምድር ባቡር፣ ከዚህ በእግር ስንት ደቂቃ ነው? በ1911 አገር ያስለቀሰው የኅዳር በሽታ ከጅቡቲ በዚሁ ሐዲድ መጣ ይባላል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነው የተረፉት። ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነውም ከዚያ ወዲህ ነው። በኮሮናውም ጊዜ ከጅቡቲ የተመለሱ ወገኖቻችን እዚሁ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ለይቶ ማቆያ ሲገቡ አይተናል። በአየር የመጣውን አፍንጫ እየጠረግን በደወሌ ድንበር በኩል በእግሩ የመጣውን ብንረሳ፣ የፊቱን በር ቆልፎ የጓሮውን ከፍቶ መተኛት ነው።

ሦስተኛ፣ ነፃ ነሽ የሚል ወረቀት ይዘሽ ልብሽ አይበጥ። ወረቀቱ የሚናገረው ናሙናው ስለተወሰደበት ሰዓት ብቻ ነው። ቫይረሱ ገብቶብሽ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምርመራው ላያገኘው ይችላል። ከተመረመርሽ በኋላ ደግሞ የስንብት ግብዣ አለ፣ ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም አለ፣ አምስት ሰው የጫነ ባጃጅ አለ። መስከረም 2013 ላይ ከዱባይ ተነስቶ ኒውዚላንድ የገባ አንድ በረራ ነበር። እዚያ ለይቶ ማቆያ ውስጥ ሳሉ ሰባት መንገደኞች ቫይረሱ ተገኘባቸው፤ ከሰባቱ አምስቱ ከመነሳታቸው በፊት ተመርምረው ነፃ የተባሉ ናቸው። ተመራማሪዎቹ የቫይረሱን ዘር አመሳክረው ቢያንስ አራቱ እዚያው አውሮፕላን ውስጥ እንደተያዙ ደመደሙ። የአውሮፕላን አየር ማጣሪያ ጎበዝ ነው፣ አላማውም። ነገር ግን ጎንሽ ከተቀመጠው ሰው አፍ የወጣው ማጣሪያው ጋ ከመድረሱ በፊት አንቺ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ የሚያስል ሰው ካየሽ ማስክሽን አድርጊ፤ በተለይ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ ሲያስጠብቃችሁ። ፀጉሬን ያበላሽብኛል አትበይኝ፣ ሰማሁሽ።

የኛን የድሬን ቫይረስስ ማን ይመረምርልናል? በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ ምን እንዳደረገን ረሳሽው? ስሙ ራሱ በማኮንዴ ቋንቋ የሚያጎብጥ እንደማለት ነው። በአስር ሺዎች የምንቆጠር ሰዎች ወገባችንን ይዘን እንደ ባልቴት ስንሄድ ከረምን፤ እኔ ባዶ ጀበና ማንሳት አቅቶኝ ጎረቤት ቡና አፍልታልኛለች። ያን ጊዜ አፍንጫችንን ሲጠርጉት ቢውሉ ምንም አያገኙም። ቫይረሱ ያለው ደም ውስጥ ነው፤ የምታዛምተውም በርሜልና አሮጌ ጎማ ውስጥ የምትፈለፈል፣ በጠራራ ፀሐይ የምትናከስ ትንኝ ናት። ውሃ ስለሚጠፋ በርሜሉን ሁላችንም እንሞላለን፣ መክደኑን ግን እንረሳለን። ኅዳር 2018 ጂንካ ላይ የተገኘው ማርበርግ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ምልክት ያልታየበት ሰው አያስተላልፍም፣ ምልክቱም እስከ 21 ቀን ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ጤነኛውን መንገደኛ ሁሉ ከማሰለፍ ይልቅ ከታማሚው ጋር የነበሩትን ፈልጎ 21 ቀን መከታተል ይጠቅማል። ያቺ “ሁሉም ይመርመር” የምትለውን ጓደኛሽን “ለየቱ?” በያት፤ ዝም ካለች ሻይ ጋብዣት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ምናልባት የምትሄጂበት አገር ነገ ምርመራ አምጪ ቢልሽ፣ ሰዓት አቆጣጠር ላይ ተጠንቀቂ፣ ሆዴ። እኔ በዚህ ተቃጥያለሁ። በኮሮናው ጊዜ ዱባይ እህቴ ጋ ልሄድ ስነሳ የሚፈለገው በ72 ሰዓት ውስጥ የተወሰደ ናሙና ነበር። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አፍንጫዬን ሰጠሁ። ስሙን የማልጠራው ክሊኒክ ወረቀቱ ላይ 3፡00 ብሎ ጻፈልኝ፣ በሀበሻ ሰዓት። ከድሬ አዲስ አበባ በርሬ፣ ዘመድ ቤት አድሬ፣ ልክ በ69ኛው ሰዓት መሳፈሪያው ጋ ቆምኩ። ወረቀት የሚያየው ልጅ ወረቀቴን አየ፣ በጣቱ ቆጠረ፣ እንደገና ቆጠረ። ለፈረንጅ 3፡00 ማለት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የኔ 69 ሰዓት እሱ ጋ 75 ሆነ። ብለምን፣ ባለቅስ፣ የጠዋቱን ፀሐይ ምስክር ብጠራ ማን ሊሰማኝ? አውሮፕላኑ ጥሎኝ ሄደ፤ ለእህቴ የያዝኩት በርበሬ ብቻ ሻንጣ ውስጥ ሆኖ ያለ እኔ ዱባይ ገባ። እና ወረቀቱን እጅሽ ላይ ሲሰጡሽ እዚያው መስኮቱ ጋ ቆመሽ አንብቢው። ቀኑ በፈረንጅ፣ ሰዓቱ በፈረንጅ፣ ናሙናው የተወሰደበት ሰዓት እንጂ ውጤቱ የታተመበት ብቻ እንዳይሆን። ከኋላሽ የተሰለፈው ቢያጉረመርም፣ ያጉረምርም።

ሕጉንም ትናንት በሰማሽው አትሂጂ፣ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። አሜሪካን ተመልከቺ። ከጥር 18 ቀን 2013 ጀምሮ በ3 ቀን ውስጥ የተደረገ ምርመራ አለች፤ ከኅዳር 27 ቀን 2014 ጀምሮ 1 ቀን ነው አለች፤ ሰኔ 5 ቀን 2014 ጭራሽ ተወችው። ከድሬ ለሚነሳ ሰው አንድ ቀን ማለት ምን እንደሆነ አስቢው። እዚያ ቢሮ ሆኖ ሕግ የሚጽፈው ሰው ግን የቦሌን መተላለፊያ ቁጭ ብሎ የጠበቀ አይመስለኝም።

ወረቀቱን “እኔ አስጨርስልሻለሁ፣ አፍንጫሽም አይነካ” የሚልሽ ሰው ከመጣ ፈጽሞ አትስሚው። በኮሮናው ጊዜ በብዙ አገር የሐሰት ወረቀት ሲሸጥ ተይዟል፣ ገዢውም አብሮ ነው የተያዘው። ቫይረሱ ተገኘብሽ ከተባልሽም አትደብቂ፣ አታልቅሺም። ቀጠሮሽን ቀይሪ፣ እኔ ጋ ነይ፤ ሾርባ ሠርቼ በመስኮት አቀብልሻለሁ። ደግሞ ማንም ባያስገድድሽ፣ የምታርፊው አክስቴ ቤት ከሆነና ጉሮሮሽን ከከረከረሽ፣ በራስሽ ገንዘብ ተመርመሪ። 80 ዓመቷ ነው፣ ሳንባዋም ደህና አይደለም። አንቺን ስታይ ደግሞ አቅፋ አትለቅሽም፣ ታውቂያታለሽ።

ልረሳው ነበር፣ ቢጫ ካርድሽ የት አለ? የቢጫ ወባ ክትባቱ ወረቀት መሥራት የሚጀምረው ከተወጋሽ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ በመጨረሻው ሰዓት ሮጠሽ ብትወጊ ዋጋ የለውም። ከተወጋሽ ግን ሐምሌ 2008 ላይ ሕጉ ስለተሻሻለ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። አሥር ዓመት አልፎታል ብሎ የሚያስፈራራሽ ካለ አትደንግጪ። ቤት ውስጥ ከፎቶ አልበም መሀል አስገብተሽው ይሆናል፣ የኛ ቤት ካርድ ሁሉ እዚያ ነው የሚገኘው።

በይ ሻይሽ ቀዘቀዘ። ፓስፖርትሽን አምጪው እስቲ፣ ስምሽ በቲ ኤስ ነው ወይስ በቲ ዜድ የሚጀምረው? ካርድሽ ላይ የተጻፈው ሌላ ይመስለኛል፤ መነጽሬን አቀብይኝ።