«ልርዳዎት?» ብሎ መጠየቅ
(ከመጻጉዕ ሰንበት የምንማረው)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መጻጉዕ ይባላል። በዕለቱ የሚነበበው ወንጌል (ዮሐ. 5፥1-9) በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር 38 ዓመት ታሞ ስለ ኖረው ሰው ይናገራል። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። በጣም ስለምናውቀውም አንዲት ነገር ታመልጠናለች። ጌታ ከመፈወሱ በፊት ሰውየውን መዳን ይፈልግ እንደ ሆነ ጠየቀው። 38 ዓመት የተኛ ሰው መዳን እንደሚፈልግ የማይገምት ማን አለ? ልብን የሚመረምር አምላክ መልሱ ጠፍቶት አይደለም። ሰውየው ግን ስለ ራሱ እንዲናገር ዕድል ሰጠው። እርሱም የሚረዳው ሰው እንደሌለው፣ ሌሎች እየቀደሙት ውኃው ውስጥ እንደሚገቡ የልቡን ተናገረ።

በኢያሪኮ መንገድ ዳር የተቀመጠውን ዐይነ ስውር በርጤሜዎስንም (ማር. 10፥46-52) ጌታ ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ ጠይቆታል። ዐይነ ስውር ምን እንደሚፈልግ ሁሉም የሚያውቅ ይመስለዋል። ጌታ ግን ከራሱ ከሰውየው አፍ ሰማ።

እኛስ? እስቲ ቅዳሴ ሲያልቅ ራሳችንን እንይ። ነጭ በትር የያዘ ወንድማችን ደረጃውን ሊወርድ ሲል ሁለት ሦስት ሰው ክንዱን አፈፍ ያደርገዋል፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ። ሰውየው ደረጃውን ለዓመታት ወጥቶ ወርዶበታል፤ የሚያደናቅፈው የኛው መጎተት ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የመጣችውን እኅት ከኋላዋ መጥተን ሳናስፈቅድ እንገፋታለን። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቆርበው የወጡ እናት ጣታቸው ስለ ተቆለመመ ብቻ ሳንቲም ጭናቸው ላይ ጣል አድርገን እናልፋለን። ማን ለመነን? «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ይሉ የለ! ልባችን ክፉ ሆኖ አይደለም። ግን ፊት አይተን እንፈርዳለን፤ አንጠይቅም።

ይህን ነገር በአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ጠንቅቀው ያውቁታል። በዘነበወርቅ ሰፈር ከጣሊያን ወረራ በፊት ጀምሮ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነበረ። በ1958 ዓ.ም. አለርት የተባለው ማእከል በዚያው ተቋቋመ። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጡ ብዙዎች ወደ አገራቸው መመለስ ስላልቻሉ፣ አንዳንዶቹም ዘመድ ስላልተቀበላቸው፣ እዚያው ጎጆ ቀልሰው፣ ልጅ ወልደው፣ የልጅ ልጅ አይተዋል።

ስለ ሕመሙ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ሥጋ ደዌ እርግማን አይደለም፤ በዘርም አይተላለፍም። በ1873 እ.ኤ.አ. ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን ያገኘው ተሕዋስ የሚያመጣው ነው። ዛሬ በነፃ በሚሰጥ መድኃኒት በ6 ወይም በ12 ወር ይድናል፤ መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ማስተላለፉ ያቆማል። ሕክምናው ከዘገየ ግን ነርቭ ይጎዳል፤ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ የጣት መቆልመም ሰውየው ከዳነም በኋላ አብሮት ይኖራል። የደነዘዘ እጅ ትኩስ ነገር አይሰማውም። መቃጠሉ የሚታወቀው ቁስሉ ሲታይ ነው። ስለዚህ በየቀኑ እግርንና እጅን መመርመር፣ በውኃ ዘፍዝፎ ቅባት መቀባት፣ እግርን የማይጎዳ ለስላሳ ጫማ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ዕለት ዕለት የሚያደርግ ሰው የቱ ነገር እንደሚያስቸግረውና የቱን እንደሚችለው ከኛ ይልቅ ያውቃል።

በአንድ የሰንበቴ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። ተራው የእኚያ እናት ነበር፤ እጃቸው ከዓመታት በፊት በዚሁ ሕመም የተጎዳ ነው። ድግሳቸውን ይዘው ሲገቡ አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ሮጣ ሁሉንም ነጠቀቻቸው፤ መሶቡንም፣ የሽሮውን ድስትም፣ የጠላውን ማንቆርቆሪያም። «እማማ፣ እርስዎ አርፈው ይቀመጡ፣ እኔ አለሁ» አለች።

እሳቸውም «ልጄ፣ ድስቱን ያዥልኝ፤ ትኩስ ነው፣ እጄ አይነግረኝም። ጠላውን ግን የምቀዳው እኔ ነኝ፤ ተራው የኔ ነዋ!» አሏት።

ልጅቷ ትንሽ ደንገጥ አለች፤ ከዚያ ድስቱን ይዛ ሄደች። እማማ ማንቆርቆሪያውን በሁለት መዳፋቸው አቅፈው ለሁሉም አዳረሱ። ፈሰሰ ወይ? አዎ፣ ትንሽ ፈሰሰ። ማንም ምንም አልሆነ።

ልብ በሉ፤ በአንድ ትንፋሽ አንዱን እርዳታ ተቀበሉ፣ አንዱን መለሱ። ድስቱን ለልጅቷ በመስጠታቸው አልተዋረዱም፣ ጠላውን በመከልከላቸውም አልታበዩም።

አካልህ የተጎዳ ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ለእናንተም የምለው አለኝ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እችለዋለሁ» ማለት ኃጢአት አይደለም፤ የሰውን ምጽዋት መናቅም አይደለም። በሌላ በኩል ግን ሸክም ላለመሆን ብላችሁ ቁስላችሁን የምትደብቁ አላችሁ። ሐኪም ቤት የሚያደርስ ሰው እያለ «ለምን አስቸግራለሁ» እያሉ ቤት ውስጥ ቆይተው እግራቸውን ያጡ አሉ። የክፍለ ከተማው ስም ራሱ የሚያስታውሰን ነገር አለ። ኮልፌ ቀራንዮ መባሉ በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ነው። ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ላይ የቀሬናው ስምዖን መስቀሉን ሲሸከምለት (ማር. 15፥21) መድኃኔ ዓለም አልከለከለውም። ዓለምን የተሸከመ ጌታ ትከሻ ከተቀበለ፣ እኛ የምናፍርበት ምክንያት ምንድን ነው?

አንዳንዱ ደግሞ የጻድቁን የገብረ ክርስቶስን ታሪክ ያነሣል። በአለርት አጠገብ በስሙ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በዓሉ ጥቅምት 14 ቀን ነው። የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሳለ ደዌን ለምኖ፣ ማንም ሳያውቀው በአባቱ ደጅ ወድቆ መኖሩን ሰምተናል። ይህ ግን እርሱ በራሱ ፈቃድ ከአምላኩ ጋር የገባው ነው። ለሌላው በሽተኛ «አንተም ዝም ብለህ ቻለው» ብለን የምንጭነው ሕግ አይደለም። ደግሞስ የንጉሡ አሽከሮች ደጅ የወደቀው ማን እንደ ሆነ ቢጠይቁ ኖሮ ምን ይሰሙ ነበር?

እርዳታ ሁሉ ምጽዋት እንዳልሆነም እንወቅ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ምቹ የሥራ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ ሲያስፈልግም ረዳት እንዲመድብ ደንግጓል። ይህን መጠየቅ ልመና አይደለም።

እንዴት እንጠይቅ? ፊት ለፊት ቆሞ፣ ስምን ተናግሮ፣ «ልርዳዎት?» ማለት ነው። መልሱን መጠበቅ ነው፤ ብዙዎቻችን ጠይቀን መልሱን ሳንሰማ ነው የምንጎትተው። ዐይነ ስውሩ እሺ ካለ ክንድህን ስጠው፣ እርሱ ይያዝህ፤ አንተ አትያዘው። አጃቢ ያለውን ሰው አጃቢውን «ምን ይፈልጋል?» አትበል፤ ራሱ ይናገራል። «ይቅርብኝ» ካለህም አትቀየም፣ በሌላ ቀን ደግመህ ጠይቀው።

በጸሎተ ሐሙስ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን እናስባለን፤ ካህናትም የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ጴጥሮስ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር (ዮሐ. 13፥6-9)፤ ጌታም እግሩን በግድ አልያዘም፣ አስረዳው እንጂ። እኚያ እናት ለብዙ ዓመት በዚያ ቀን ከኋላ ይቆሙ ነበር፤ ጣት የሌለውን እግር በሰው ፊት ማውጣት ቀላል አይደለም። አንድ ዓመት ቄሱ አዩአቸውና ቀርበው በዝግታ «እማማ፣ ልጠብዎት?» አሏቸው። «ዘንድሮ ይቅርብኝ አባቴ» አሉ። ቄሱም በመስቀላቸው ባርከው አለፉ። «ያኔ ቢጎትቱኝ ኖሮ ዳግመኛ አልመጣም ነበር» ብለው ነግረውኛል።

በዓመቱ ከፊት ተቀምጠው አየኋቸው። የጫማቸውን ማሰሪያ ጣታቸው ስለማይፈታው ያችን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ጠርተው አስፈቱ። ጫማውን ግን ራሳቸው አወለቁ።