ቀፎው ያስተማረኝ፦ ስለ ንብ፣ ስለ ጭንቀትና ስለ ጀመዓ



ውድ ወጣት ወንድሞችና እህቶች፣ ከአራት ዓመት በፊት አባቴ አገር ቤት ወደ አኺራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ጀናዛ አይቆይም። እኔ ሚኒሶታ ሆኜ ትኬት ስፈልግ ዘመዶቼ ቀብረው ተመልሰዋል። ለተዕዚያ የመጣው ሰው ከተበተነ በኋላ ሥራዬንም ሶላቴንም ቀጠልኩ። ግን እንቅልፍ ጠፋ፤ ስልክ ማንሳት አስጠላኝ። ከጁሙዓ በኋላ ማንንም ሳላናግር ወደ መኪናዬ መሮጥ ልማዴ ሆነ። “ኢማኑ ደክሞ ነው” እንዳይሉኝ ፈርቼ ለማንም አልተናገርኩም።

በጸደይ ወራት አንድ የመስጂዳችን ሐጂ፣ “ልጄ፣ ቀፎ የሚያነሳልኝ ጉልበት ያለው ሰው እፈልጋለሁ” አሉኝ። ትልቅ ሰው እምቢ ማለት ነውር ነውና ሄድኩ።

ቀፎ ሲከፈት መቸኮል የለም። ጭሱ ንቦቹ አደጋ ሲያዩ የሚረጩትን ጠረን ይሸፍናል፤ ያም ሆኖ እጁ የተጣደፈ ሰው ይነደፋል። ለአንድ ሰዓት ያህል ከፊቴ ካለው የማር እንጀራ በቀር ምንም አላሰብኩም። ከወራት በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሱረቱ አን-ነሕል (16፡68-69) አላህ (ሱ.ወ.) ንብን በተራራ፣ በዛፍና ሰዎች በሚሠሩት ላይ ቤት እንድትይዝ እንዳሳወቃት፣ ከሆዷም ለሰዎች ፈውስ ያለበት መጠጥ እንደሚወጣ ይነግረናል። በዚህም ለሚያስተነትኑ ሰዎች ምልክት አለ። እኔ ያስተነተንኩት ሦስት ነገር ነው።

1. ትንሽ ሥራ አይናቅም። አንዲት ሠራተኛ ንብ በበጋ የምትኖረው ስድስት ሳምንት ያህል ነው። በዕድሜዋ የምትሠራው ማር የሻይ ማንኪያ አንድ አሥራ ሁለተኛ ቢሆን ነው። ቀፎው የሚሞላው በብዙዎች ነው።

2. ዳር ያለው ወደ መሐል ይገባል። በክረምት ንቦች ተጠጋግተው ይከመራሉ፤ የክንፍ ጡንቻቸውን እያንቀጠቀጡ ሙቀት ይፈጥራሉ። ዳር ላይ ሆና የበረዳት ወደ መሐል ትገባለች፤ ሌላዋ ትተካታለች። ሐጂው ይህን ሲነግሩኝ ዳር የቀረሁት እኔ እንደሆንኩ ገባኝ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው።

3. መታከም ከተወኩል አያወጣም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንድንታከም አዘዋል። ሐጂውም፣ “ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ዱዓውን እኔ አልተውም” አሉኝ። ሄድኩ፤ አልሐምዱሊላህ። ቀፎ ሐኪምን አይተካም። እኔን ግን አፌን እንድከፍት ረድቶኛል። ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲም “ሂሮስ ቱ ሃይቭስ” በተባለ ፕሮግራም የቀድሞ ወታደሮችን ንብ ማነብ አስተምሯል።

መጀመር የምትፈልጉ፦
- ቀፎ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ወቅት ልምድ ያለውን ሰው አግዙ።
- የንብ መርዝ አለርጂ ካለባችሁ መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ።
- የከተማችሁን ደንብ ጠይቁ።
- ወላጆቻችሁን ስለ አገር ቤት ቀፎ ጠይቁ፤ ዛፍ ላይ ሲሰቀል ያዩ ብዙ ናቸው። ጨዋታው ከዚያ ይጀምራል።

ለውይይት፦ በጀመዓችሁ ውስጥ ዳር የቀረ ማን ነው? ከጁሙዓ በኋላ ወደ መኪናው የሚሮጠውን ወንድም፣ ጥግ የምትቀመጠውን እህት በዚህ ሳምንት ምን ሥራ አግዙኝ ትሏቸዋላችሁ?

አላህ ልባችንን ያርጋልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።