የኩፓ ገንዘብ ሁሉ ትርፍ አይደለም

ወገኖቼ፣ ሱቅ ለመክፈት ለምታስቡ፣ በጣቴ ቆጥሬ የገባኝን ሒሳብ ልንገራችሁ። ኩፓ የሱቅ ገንዘብ ማስቀመጫ ነው፤ ሬቫሕ ትርፍ ነው፤ ማዓም ገዢው በዋጋው ላይ ጨምሮ የሚከፍለው ግብር ነው። ከ2025 ጀምሮ ከመቶ 18 ነው።

ሱቁ በማዓም የተመዘገበ ኦሴክ ሙርሼ ነው እንበል። በርበሬ ከነማዓሙ በ59 ሸቀል ገዝቶ በ118 ሸጠ። ኩፓው ውስጥ 59 ተረፈ። ግን ከ118ቱ 18ቱ ማዓም ነው። ሲገዛ የከፈለው 9 በደረሰኝ ይቀነስለታል፣ 9 ለመንግሥት ይከፍላል። 50 ቀረ። ኪራይና መብራት ከዚያ ይወጣል፤ የተረፈው ነው ሬቫሕ። የገቢ ግብርም በሱ ላይ ይታሰባል።

በዱቤ ከሸጠማ ትርፉ ደብተር ላይ አለ፣ ኩፓው ግን ባዶ ነው።

ስለዚህ የማዓሙን ገንዘብ ለብቻው አስቀምጡት። የሰው ገንዘብ ነው፤ የበላው ሰው ዕዳ ይከተለዋል።