ምራቅ በፖስታ ልኮ መመርመር ምን ያህል ያስተማምናል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። እናቴ በጡት ካንሰር ያረፈችው በ42 ዓመቷ ነበር። ምራቄን በፖስታ ልኬ ያስመረመርኩት ድርጅት ለጡት ካንሰር የሚያጋልጥ የዘረ መል ለውጥ እንዳላገኘብኝ ገለጸልኝ። ማሞግራም መነሳቱን ልተወው? ወንድሜ ደግሞ «የቤተሰቡን ገመና ለባዕድ ሰጠሽው» ብሎ ተቆጥቶኛል። እውነት አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ማሞግራሙን በፍጹም እንዳይተዉ። ውጤቱ ስህተት ነው አልልም፤ የታየው ግን ጥቂት ነው። ቢአርሲኤ 1 እና ቢአርሲኤ 2 በተባሉት ዘረ መሎች ላይ ለጡት ካንሰር የሚያጋልጡ በሺህ የሚቆጠሩ ለውጦች ይታወቃሉ። ምራቅ በፖስታ ተቀብሎ የሚመረምረው ቱዌንቲስሪ ኤንድ ሚ የተባለው ድርጅት በ2018 ከአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ሲያገኝ የሚያሳውቀው ሦስቱን ብቻ ነበር፤ እነሱም በአሽከናዚ አይሁዶች ዘንድ የሚበዙት ናቸው። በ2023 ቁጥሩ ወደ 44 አደገ። እናትዎ የነበረባቸው ለውጥ ከእነዚህ ውጭ ከሆነ እንዲህ ያለው ምርመራ አያገኘውም። ሐኪም የሚያዘው ምርመራ ግን ዘረ መሉን ከዳር እስከ ዳር ያነባል። ደግሞም አብዛኞቹ የጡት ካንሰር ታማሚዎች በዘር የወረሱት ለውጥ የለባቸውም።

«አለብዎት» የሚል ውጤትም ቢሆን ሳይረጋገጥ አይታመንም። በ2018 በወጣ ጥናት፣ ሰዎች እንዲህ ካሉ ድርጅቶች ጥሬ መረጃ ያገኟቸው ለውጦች በሕክምና ላቦራቶሪ ሲፈተሹ 40 በመቶዎቹ አልተገኙም። በዚያ ብቻ ተመርቶ ጡትን ለማስወገድ መወሰን አደገኛ ነው።

ወንድምዎ እውነት አላቸው። ወንድምና እህት በአማካይ ግማሽ ዘረ መላቸውን ይጋራሉና እርስዎ የሰጡት የእሳቸውንም ይናገራል። በ2023 በቱዌንቲስሪ ኤንድ ሚ ላይ ሰርጎ ገቦች የገቡት ወደ 14,000 አካውንት ነበር፤ ዘመድ በሚያገናኘው አገልግሎት በኩል ግን የ6.9 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ እጃቸው ገባ። በመጋቢት 2025 ኪሳራ ሲያውጅ የደንበኞቹ መረጃ ከሚሸጠው ንብረት ጋር ተቆጠረ። በ2008 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የጤና ኢንሹራንስና ቀጣሪ በዘረ መልዎ እንዳያገልዎት ይከለክላል፤ የሕይወት ኢንሹራንስን ግን አይነካም።

ስለዚህ አካውንትዎን ይሰርዙ፤ ምራቅዎ ተቀምጦ ከሆነም እንዲወገድ በጽሑፍ ይጠይቁ። ለሐኪምዎ የእናትዎን ዕድሜ ነግረው ወደ ዘረ መል አማካሪ እንዲልኩዎት ያድርጉ። ሐኪም ባዘዘው ምርመራ ለውጥ ከተገኘ ወንድምዎም ይመርመሩ፤ ከእናት ወደ ወንድ ልጅ ይተላለፋል፣ ወንዶችንም ለፕሮስቴትና ለጡት ካንሰር ያጋልጣል።