ሳተላይት ለምን አይወድቅም?

ይህን ጥያቄ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳያነሣ አይቀርም። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ደግሞ «እዚያ ላይ ስበት ስለሌለ ነዋ!» የሚል ነው። ውድ ሠልጣኝ ጓደኞቼ፣ ይህ መልስ ስሕተት ነው። ነገ እያንዳንዳችን ስልሳ ሰባ ልጆች ፊት መቆማችን አይቀርምና፣ ስሕተቱ በእኛ በኩል ወደ እነሱ ሳይሻገር እዚሁ ብንነጋገርበት ይሻላል።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። በመሬት ገጽ ላይ የሚወድቅ ነገር ፍጥነቱ በየሰኮንዱ በ9.8 ሜትር በሰኮንድ ይጨምራል። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በሚዞርበት 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይኸው ቁጥር 8.7 ነው። የቀነሰው ከመቶ 11 እጅ ገደማ ብቻ ነው። ደግሞስ ስበት ባይኖር ጣቢያው በቀጥታ መስመር ነጉዶ በዚያው ይቀር ነበር እንጂ ማን አዙሮ ይመልሰዋል?

ታዲያ ለምን አይወድቅም ቢሉ፣ ይወድቃል! እየወደቀ ነው የሚዞረው።

የስበትን ሕግ በ1687 እ.ኤ.አ. ያሳተመው አይዛክ ኒውተን ነገሩን ያስረዳው ከረጅም ተራራ ጫፍ ድንጋይ ወደ ጎን ሲወረወር በማሰብ ነው። እኛ ተራራውን ራስ ዳሸን እናድርገው፤ አየር የለም፣ ከፊትም የሚጋርድ ተራራ የለም እንበል። ድንጋዩ ቀስ ተብሎ ወደ ምዕራብ ቢወረወር እግሩ ሥር ይወድቃል። ጠንከር ቢል ጎንደር፣ ይበልጥ ቢጠነክር ሱዳን ይደርሳል። በየትኛውም ውርወራ ግን በመጀመሪያው ሰኮንድ ቁልቁል የሚወርደው ያው 5 ሜትር ያህል ነው። መሬት ደግሞ ክብ ስለሆነች፣ በ8 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ገጽዋ 5 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። እንግዲህ ድንጋዩ በሰኮንድ 8 ኪሎ ሜትር ቢበር፣ እሱ 5 ሜትር ሲወድቅ መሬትም 5 ሜትር ትሸሸዋለች። በሚቀጥለው ሰኮንድም እንዲሁ። ሁልጊዜ ይወድቃል፣ አንድም ጊዜ አይደርስባትም። ወርዋሪው ከቦታው ካልተነሣ በ84 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ማጅራቱን ይመታዋል።

ጨረቃም እንደዚያው ናት። ከመሬት እምብርት ያላት ርቀት የመሬትን ሬዲየስ 60 ጊዜ ያህል ነው። ስበት በርቀቱ ስኩዌር ስለሚቀንስ፣ እዚያ 3,600 ጊዜ ይደክማል። ስለዚህ ጨረቃ በአንድ ሰኮንድ ወደ እኛ የምትወድቀው 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። መሬትና ሌሎቹ ፕላኔቶችም በፀሐይ ዙሪያ የሚዞሩት በዚሁ ሕግ ነው።

«ጠፈርተኞቹ ለምን ይንሳፈፋሉ?» የሚል ልጅም ይነሣል። ለዚህ በቃል ከመድከም ጣሳ ይሻላል። የባዶ ጣሳ ጎን ከግርጌው አጠገብ በምስማር ብሱና ቀዳዳውን በጣት ይዛችሁ ውኃ ሙሉት። ወንበር ላይ ቁሙ (የማይነቃነቅ ወንበር ይሁን)፣ ጣታችሁን አንሡ፤ ውኃው ይፈስሳል። አሁን ጣሳውን ልቀቁት። አየር ላይ እስካለ ድረስ ከቀዳዳው ውኃ መውጣቱ ቀጥ ይላል! ክፍሉ ውስጥ ስበት ጠፋ የሚል ተማሪ አይኖርም። ውኃውና ጣሳው እኩል ስለሚወድቁ አንዱ ሌላውን አይጫንም፣ ይኸው ነው። ጠፈርተኛውና ጣቢያውም እንዲሁ አብረው ነው የሚወድቁት። ሙከራው ዓይን ከሰኮንድ በታች ስለሚያገኘው ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት፤ ወለሉ እንዳይጨቀይ ግን ደጅ መውጣት ይበጃል።

ድንጋይ በገመድ አስሮ ማሽከርከርም ጥሩ ነው፤ ገመዱ የስበትን ቦታ ይይዛል። ተማሪዎቹ ግን ገመዱ ሲለቀቅ ድንጋዩ ወዴት እንደሚሄድ ልብ ይበሉ። ወደ ውጭ ሳይሆን በዚያች ቅጽበት ወደሚሄድበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ነው የሚበረው።

አንዳንዱ ሳተላይት እውነትም መሬት ይመለሳል። መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. የመጠቀው ስፑትኒክ 1 መሬትን በ96 ደቂቃ ይዞር ነበር። ሦስት ወር ቆይቶ ታኅሣሥ 26 ቀን ተቃጠለ፤ እዚያ ከፍታ ላይ ያለው ስስ አየር ፍጥነቱን ቀስ በቀስ በልቶበት ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የወጣችበት ከፍታ አየሩ እጅግ የሳሳ ነው።

የቴሌቪዥኑ ሳተላይት ደግሞ የቆመ የሚመስለው ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አንዱን ዙር በአንድ ቀን ስለሚጨርስ ነው፤ መሬትም በዚያው ጊዜ አንድ ጊዜ ትሽከረከራለች። ለዚህ ነው ዲሽ አንዴ ከተስተካከለ በኋላ የማይነካው፤ ልጆች በኳስ ካልመቱት በቀር።