«ፖከር እኮ የችሎታ ጨዋታ ነው» ለምትል ወንድሜ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው የጁምዓ ትምህርታችን በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወጣቶች ደጋግመው በሚያነሱት ጥያቄ ላይ ነው። ጥያቄው ሲጠቃለል እንዲህ ይላል፦ «ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ለዕረፍት ላስ ቬጋስ ልንሄድ ነው። ማሽኑንም ሩሌቱንም አልነካም፤ እነሱ ዕድል ብቻ ናቸው። ፖከር ግን ችሎታ ይጠይቃል። ለመዝናኛ የመደብኩት 200 ዶላር አለኝ፤ ካለቀ እነሳለሁ። ይህም ቁማር ነው?»

ይህን ጥያቄ በቁጣ መመለስ ተገቢ አይደለም። የሚጠይቅ ሰው ልቡ ውስጥ ሐላልና ሐራምን የመለየት ጭንቀት አለ ማለት ነው፤ ይህም የኢማን ምልክት ነው። ስለዚህ በቅድሚያ ጨዋታውን እንወቀው፤ ከዚያ ሑክሙን እንይ።

1. ጠረጴዛው ላይ ምን ይካሄዳል?

በገንዘብ በሚካሄደው የካዚኖ ፖከር አብዛኛውን ጊዜ እስከ ዘጠኝ ሰው አንድ ጠረጴዛ ይከባል። ሁሉም ገንዘቡን ሰጥቶ ቺፕ ይቀበላል። የአንድ ዶላር ቺፕ አንድ ዶላር ነው። በፈለገው ሰዓት ተነስቶ መልሶ ወደ ገንዘብ ይቀይረዋል፤ ሲያልቅበት ደግሞ ከኪሱ ይጨምራል። በየዙሩ ሁለት ተጫዋቾች ካርታቸውን ሳያዩ የግዴታ መደብ ያስይዛሉ፤ በትንሹ ጠረጴዛ ለምሳሌ አንዱ 1 ዶላር፣ ሌላው 3 ዶላር። ከዚያ ካርታ ይታደላል። ደፋሩ መደቡን ያሳድጋል፣ የፈራው ካርታውን ጥሎ ይወጣል። በመጨረሻ ብቻውን የቀረው ወይም የተሻለ ካርታ ያለው መሀል የተጠራቀመውን ሁሉ ይወስዳል።

ካዚኖው ራሱ አይጫወትም። ጠረጴዛውን፣ ካርታውንና አዳዩን ያቀርባል፤ በምትኩም ከሚጠራቀመው ገንዘብ ላይ ቆራጭ ይወስዳል። ብዙ ቦታ ቆራጩ አንድ አሥረኛ ገደማ ሆኖ ከጥቂት ዶላር እንዳይበልጥ ጣሪያ ይደረግለታል።

እስቲ አብረን እናስላ። ዘጠኝ ሰዎች እያንዳንዳቸው 200 ዶላር ይዘው ቢቀመጡ ጠረጴዛው ላይ 1,800 ዶላር አለ። በሰዓት 30 ዙር ተጫውተው ካዚኖው ከየዙሩ በአማካይ 4 ዶላር ቢቆርጥ በሰዓት 120 ዶላር ይሄዳል። በአምስት ሰዓት 600 ዶላር ይሆናል። ለካርታ አዳዩ የሚሰጠውን ጉርሻ ሳንቆጥር ሰዎቹ ይዘውት ከመጡት አንድ ሦስተኛው የለም። ዘጠኙም ሊቅ ቢሆኑ የቀራቸው 1,200 ዶላር ነው። በእነዚህ አምስት ሰዓታት ማንም አላረሰም፣ አልሸጠም፣ አልሠራም። አንዱ 500 ዶላር ይዞ ቢነሳ ትርፉ 300 ዶላር ከሌሎቹ ኪስ የወጣ ነው። ሌላ ምንጭ የለውም።

2. ችሎታ ሐላል ያደርገዋል?

ፖከር ችሎታ አለው፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ሂሳብ፣ ትዕግሥት፣ የሰውን ፊት ማንበብ ይጠይቃል። በረጅም ጊዜ የተሻለው ተጫዋች ደካማውን ይበልጠዋል። ነገር ግን የፊቅህ ዑለማዎች ቁማርን የለዩት በችሎታ ማነስ አይደለም። መለያቸው ይህ ነው፦ እያንዳንዱ የገባ ሰው በትርፍና በኪሳራ መካከል ይቆማል፤ አንዱ የሚያተርፈው ሌላው የሚከስረውን ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የውድድር ሽልማትን በግመል፣ በፈረስና በቀስት የገደቡበትን ሐዲስ አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ነሳኢ ዘግበውታል። ቀስት መወርወር ትልቅ ችሎታ ነው፤ ፈረስ መጋለብም እንዲሁ። ችሎታ ብቻውን ገንዘብ ማስያዝን የሚፈቅድ ቢሆን ኖሮ እነዚህን ለይቶ መጥቀስ ባላስፈለገ ነበር። ዑለማዎች ከዚህ ገደብ ውስጥ ምን ሊካተት እንደሚችል ተወያይተዋል። ሰው ከሰው ገንዘብ እየተያያዘ የሚጫወተው ካርታ ግን የዚያ ውይይት አካል አይደለም።

ወንድሜ፣ ከዚህ የባሰም አለ። ችሎታው ጉዳዩን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም። ጎበዙ ተጫዋች የሚያተርፈው ከእርሱ ደካማ ሰው ሲያገኝ ነው። በተጫዋቾቹ ቋንቋ ይህ ሰው «ዓሣ» ይባላል። ጥሩ ጠረጴዛ የሚባለው ዓሣ የበዛበት ነው፦ ለዕረፍት የመጣ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ የሰከረ፣ የተበላውን ለማስመለስ የሚያባርር። ላስ ቬጋስ ውስጥ ደግሞ ለተጫዋች መጠጥ በነጻ ይቀርባል። እንግዲህ የምትመካበት ችሎታ ያንን ሰው ለይተህ አጠገቡ መቀመጥ ነው። ነገ ልጆቹ ምን እንደሚበሉ አታውቅም፤ ጨዋታውም እንድትጠይቅ አያስተምርህም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰው ለራሱ የሚወደውን ለወንድሙ እስኪወድ ድረስ ኢማኑ እንደማይሟላ አስተምረውናል። ፖከር ጠረጴዛ ላይ ይህን ሐዲስ ለአንድ ሰዓት ልትሠራበት ብትሞክር ትከስራለህ። ጨዋታው ከጎንህ ያለው ሰው እንዲሳሳት፣ እንዲቸኩል፣ እንዲጨምር መመኘትን ይጠይቅሃልና። ከጎንህ ያለው ሙስሊም ባይሆንም ገንዘቡን በከንቱ መብላት አልተፈቀደልህም።

አሁን ወደ ሱረቱል ማኢዳህ 90 እና 91 እንመለስ። አላህ (ሱ.ወ) ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር በአንድ አንቀጽ ጠቅሶ የሸይጧን ሥራ መሆኑን ነገረን፤ ራቁት አለን። ቀጥሎም ሸይጧን በሁለቱ ምን እንደሚፈልግ ገለጸ፦ በመካከላችን ጠላትነትንና ጥላቻን መጣል፣ አላህን ከማውሳትና ከሰላት ማገድ። ሰዎቹ እየሳቁ ቢጫወቱም የአንዱ ደስታ በሌላው ጉዳት ላይ ቆሟል። የጥላቻ ዘር የሚዘራው እዚያ ነው።

3. የሚቀርቡ ሦስት ምክንያቶች

«ሁላችንም ወደን ነው የገባነው።» ወለድ የሚከፍልም ወዶ ይፈርማል። ሱረቱ ኒሳእ 29 መዋደድን የጠቀሰው ከንግድ ጋር አያይዞ ነው፤ በዚያው አንቀጽ ገንዘብን በከንቱ መብላት ተከልክሏል። መስማማት ሐራሙን ሐላል አያደርግም።

«200 ዶላሩ እንደ ሲኒማ ትኬት ነው፤ ለመዝናኛ ነው።» ሲኒማ ቤት ከፍለህ ፊልሙን ታያለህ፤ ገንዘቡም ዕቃውም ታውቋል። እዚህ ግን የሚጫወቱት በገንዘቡ በራሱ ነው። ራስህን አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ 400 ዶላር ብትበላ «እኔ የመጣሁት ለመዝናናት ነው» ብለህ ትመልሳለህ? የማትመልስ ከሆነ ዓላማህ መዝናናት ብቻ አልነበረም።

«ከበላሁ ለድሃ እሰጣለሁ።» ይህ አዲስ አይደለም። በጃሂሊያ ዘመን ዐረቦች ግመል አርደው በቀስት እንጨት ዕጣ ይጣጣሉ ነበር፤ ዕጣው የጣለው ዋጋውን ይከፍላል። ያሸነፉት ሥጋውን ለድሆች አከፋፍለው ይኩራሩበት እንደነበር የተፍሲር ሊቃውንት ጽፈዋል። ከዚህ ሁሉ ጋር ግን ሱረቱል በቀራህ 219 ለሰዎች ጥቅም ቢኖረውም ኃጢአቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተናገረ። አላህ ንጹሕ ነው፤ ንጹሕ የሆነውን እንጂ አይቀበልም።

4. ያ ሰው በላ፤ ሌሎቹስ?

ብዙ ወጣት ወደ ፖከር የሚሳበው በአንድ ሰው ታሪክ ነው። በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ የቴነሲ የሒሳብ ሠራተኛ በኢንተርኔት በርካሽ ማጣሪያ አልፎ ላስ ቬጋስ የዓለም ፖከር ውድድር ገባ፤ 2.5 ሚሊዮን ዶላርም ወሰደ። ውድድር ከጠረጴዛው የገንዘብ ጨዋታ ይለያል፤ ሕልሙ ግን ለሁሉም ተረፈ። በዚያ ዓመት የተወዳደሩት 839 ነበሩ፤ የአንዱ ወንበር ዋጋ 10,000 ዶላር ነበር። አብዛኞቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ታሪኩን ሰምተው በቀጣዩ ዓመት 2,576 ሰዎች መጡ። ያሸነፈው ግን አሁንም አንድ ሰው ብቻ ነው። የአሸናፊውን ስም ዓለም ያውቀዋል፤ የተሸናፊዎቹን የሚያውቀው ቤተሰባቸው ነው።

ላስ ቬጋስ ውስጥ ታክሲ የሚነዱ ብዙ ወገኖቻችን አሉ። እዚያ ከሄድክ ከካዚኖ በር በሌሊት ስለሚያነሷቸው ሰዎች ጠይቃቸው። አገር ቤት ያለኸውም ጉዳዩ አይመለከተኝም አትበል፤ ቤቲንግ ቤት የሚገባው ጓደኛህ «ኳስ አውቃለሁ» የሚለው ይኸው የፖከሩ ክርክር ነው።

5. ሰላትህስ?

የካዚኖ አዳራሽ አብዛኛውን ጊዜ መስኮትም የግድግዳ ሰዓትም የለውም። ዐስር መግባቱን፣ መግሪብ መውጣቱን የሚነግርህ ነገር አታይም። የተበላ ሰው ለማስመለስ ይቆያል፤ የበላም ዕድሉን ላለመተው ይቆያል። «200 ዶላሩ ሲያልቅ እነሳለሁ» ያልከው አንተ ከመግባትህ በፊት ያለኸው ሰው ነህ። ተበልቶ የተናደደው አንተ ሌላ ሰው ነው፤ የባንክ ካርድህም በኪሱ ነው።

6. ምን እናድርግ?

ጉዞው የሥራ ከሆነ ከባልደረቦችህ ጋር ተጓዝ፤ ወደ ጠረጴዛው ግን አትቀመጥ። «በሃይማኖቴ አይፈቀድም» ማለት አያሳፍርም። በዚያ አካባቢ የሬድ ሮክ ሸለቆና የሁቨር ግድብ አሉ፤ ከተማው ውስጥም መስጂዶች አሉ። አላህ ከፈጠረው ውበት የሚታይ አታጣም።

የተጫወትክም ካለህ የተውበት በር ክፍት ነው። ዛሬውኑ አቁም፤ ተጸጸት፤ ላለመመለስ ቁረጥ። የበላህበትን ሰው ካወቅከው ገንዘቡን መልስለት። ካላወቅከው ምንዳ ሳትጠብቅበት ከእጅህ ለማውጣት ብለህ ለችግረኛ ስጥ፤ ዑለማዎች የሚመክሩት ይህን ነው። የተበላኸውን ለማስመለስ ግን አንድ ዶላር እንኳ አትጨምር፤ ሰውን የሚጨርሰው እርሱ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጓደኛውን «ና ቁማር እንጫወት» ያለ ሰው ሶደቃ እንዲሰጥ አዘዋል። ግብዣው ብቻውን ሶደቃ ካስፈለገው ጨዋታው ምን ሊሆን ነው! ልማዱ ከያዘህና ማቆም ካቃተህም ለብቻህ አትታገል፤ ለምታምነው ሰው ንገር፣ ሐኪምም አማክር።

ሪዝቃችን ተጽፏል። በላብህ ያገኘኸው 20 ዶላር ቤትህ ሲገባ የማንንም ሐዘን ይዞ አይገባም። ይህ በረካ ነው።

አላህ ሆይ! በሐላልህ ከሐራምህ አብቃቃን። ወጣቶቻችንን ከቁማርና ከአስካሪ ነገር ጠብቅ። የወደቁትን አንሳ፣ ተውበታቸውንም ተቀበል። አሚን።

ዛሬ ሱረቱል ካህፍን መቅራትና በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛት አንርሳ። ይህን ጽሑፍ ለጉዞ ለሚዘጋጅ ጓደኛችሁ አድርሱለት። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።