ሁለቱ አዋጆች ይጣላሉን?
(ከአንድ የታሪክ ሊቅ ሕይወትና ሥራ የምንማረው)



በጥናት ክፍላችን መጽሐፈ ዕዝራን ስናነብ የተነሣውን ክርክር የምታስታውሱ አትጠፉም። አንድ ወንድማችን እጁን አውጥቶ፣ «የፋርስ ንጉሥ የቂሮስ አዋጅ በምዕራፍ 1 አንድ ዓይነት ነው፤ በምዕራፍ 6 ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ትክክለኛው የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀ። አንዳንዶቻችን «እንዲህ ያለ ጥያቄ እምነት ያጎድላል» ብለን ተቆጣነው። ሌሎቻችን ጥያቄው ተገቢ መሆኑን ብናውቅም መልስ ስላልነበረን ዝም አልን። ወንድማችን ከዚያ በኋላ ሁለት እሑድ ቀረ። እኛም አፍረን መልሱን ፍለጋ ገባን። ስንፈልግም ኤልያስ ቢከርማን ከሚባል የታሪክ ሊቅ ጋር ተዋወቅን። ዛሬ ስለ እርሱ ጥቂት እንነጋገር። (ከክርስቶስ ልደት ወዲህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ለመሆኑ ቢከርማን ማን ነበር?

ቢከርማን በ1897 በዚያን ጊዜ በሩሲያ ግዛት ሥር በነበረችው በኪሺኔቭ ከተማ ከአይሁድ ወላጆች ተወለደ። በፔትሮግራድ ዩኒቨርሲቲ በታላቁ የታሪክ መምህር በሚካኤል ሮስቶቭትሴፍ ሥር የግሪክንና የሮምን ታሪክ ተማረ። ከአብዮቱ በኋላ በ1922 አገሩን ትቶ ወደ በርሊን ሄደ። በዚያም በ1926 የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ። የመመረቂያ ጽሑፉ የሮሙ ንጉሥ ካራካላ በ212 ስላወጣው የዜግነት አዋጅና አዋጁ ተጽፎበታል ስለሚባል አንድ የፓፒረስ ቅጠል ነበር። እንግዲህ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሙያው የነገሥታትን ደብዳቤና አዋጅ ቃል በቃል መመርመር እንደ ነበረ ልብ እንበል።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከጀርመን ወደ ፓሪስ ተሰደደ። በ1940 የጀርመን ጦር ፈረንሳይን ሲወር ከፓሪስም ሸሸ፤ በ1942 አሜሪካ ገባ። ከ1952 እስከ 1967 በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጥንት ታሪክ ፕሮፌሰር ሆኖ አስተማረ። በ1981 በእስራኤል አገር ዐረፈ። «አይሁድ በግሪክ ዘመን» የተባለው ትልቅ መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1988 ነው። በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ጽፏል፤ የስሙም አጻጻፍ እንኳ እንደ ተሰደደበት አገር ይለያይ ነበር። ሦስት ጊዜ ሲሰደድ ሦስት ጊዜ በአዲስ ቋንቋ እንደ ጀማሪ ሥራውን ጀመረ።

2. የዕዝራ ጥያቄና መልሱ

አሁን ወደ ወንድማችን ጥያቄ እንመለስ። በዕዝራ ምዕራፍ 1 ያለው አዋጅ በዕብራይስጥ የተጻፈ ነው። ሕዝቡ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ቤተ መቅደሱን እንዲሠራ፣ ጎረቤቶቹም በብርና በወርቅ እንዲረዱት ይናገራል። በምዕራፍ 6 ያለው ግን በአራማይክ ቋንቋ ነው። የቤቱን ቁመትና ወርድ በክንድ ይለካል፤ የድንጋዩንና የእንጨቱን ረድፍ ይቈጥራል፤ ወጪው ከንጉሡ ቤት እንዲከፈልና የተዘረፈው ዕቃ እንዲመለስ ያዛል። ብዙ ሊቃውንት ይህን ልዩነት አይተው «የምዕራፍ 1 አዋጅ በኋላ የተፈጠረ ነው» ብለው ነበር።

ቢከርማን በ1946 ባወጣው ጽሑፍ ሁለቱም እውነተኛ ናቸው ብሎ ተከራከረ። ምክንያቱም ሥራቸው የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ለሕዝቡ በገዛ ቋንቋው በዐዋጅ ነጋሪ የሚነገር ቃል ነው። ሁለተኛው ለሹማምንት የተጻፈ፣ በመዝገብ ቤት የሚቀመጥ የሥራ ማስታወሻ ነው። አራማይክም በፋርስ መንግሥት የጽሕፈት ቤት ቋንቋ ነበር። ለእኛ ነገሩን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በገበያ ቀን ነጋሪት ተጎስሞ የሚታወጀው ቃልና ለግምጃ ቤቱ ሹም የሚላከው ደብዳቤ አንድ ጉዳይ ቢሆኑም ቃላቸው አንድ አይደለም። በነጋሪቱ ላይ የድንጋይ ረድፍ አይቈጠርም፤ በደብዳቤውም ላይ ሕዝብ አይቀሰቀስም። መጽሐፉ ራሱ በምዕራፍ 6 ጽሑፉ በአሕምታ ከተማ ተፈልጎ የተገኘ መዝገብ መሆኑን ይነግረናል፤ እኛ ግን አልፈነው ነበር።

በዚህ መልስ ሁሉም ሊቃውንት አልተስማሙም። ቢሆንም ጥያቄውን የፈታው፣ የጠያቂውን አፍ መዝጋት ሳይሆን የጥንቶቹን መንግሥታት አሠራር ማወቅ ነው።

3. የመቃብያን ዘመንና የግሪክ ባህል

ቢከርማን ይበልጥ የሚታወቀው በ1937 ባሳተመው «የመቃብያን አምላክ» በተባለ መጽሐፍ ነው። ይህ ስለ ሃይማኖት ስደት የሚናገር መጽሐፍ፣ ደራሲው በስደት ፓሪስ ሳለ፣ በአንድ የአይሁድ ማተሚያ ድርጅት በኩል በዚያው በናዚዎቹ በርሊን ታተመ።

ታሪኩን በአጭሩ እናስታውስ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ175 ዓመት ኢያሶን የሊቀ ካህንነቱን ሹመት በገንዘብ ገዝቶ በኢየሩሳሌም ጂምናዚየም የሚባለውን የግሪኮች ማሠልጠኛ አቆመ። ከእርሱ በኋላ መኔላዎስ የበለጠ ከፍሎ ተሾመ። በ167 ንጉሡ አንጥያኮስ 4ኛ ግዝረትንና ሰንበትን ከለከለ፤ መሠዊያውም ረከሰ። ይሁዳ መቃቢስ ተዋግቶ በ164 ቤተ መቅደሱን አነጻ።

ቢከርማን የጠየቀው ይህን ነው፤ የግሪክ ነገሥታት የገዙትን ሕዝብ በአባቶቹ ሕግ እንዲኖር ይፈቅዱ ነበር። የዚሁ ንጉሥ አባት አንጥያኮስ 3ኛም ኢየሩሳሌምን በያዘ ጊዜ ለአይሁድ ይህንኑ ፈቅዷል። ታዲያ ልጁ ስለ ምን ሃይማኖት ከለከለ? የቢከርማን መልስ የሚያስደነግጥ ነው። አሳቡ የመጣው ከንጉሡ ሳይሆን ሕዝባቸውን ከሌላው ዓለም የሚለየውን ሕግ ለማፍረስ ከፈለጉት ከመኔላዎስና ከባልንጀሮቹ ነው አለ። ብዙዎች ይህን አልተቀበሉም። በኢየሩሳሌም ያስተምር የነበረው ቪክቶር ቸሪኮቨር፣ ሕዝቡ አስቀድሞ ዐምፆ ነበር፤ የንጉሡ ትእዛዝ ዐመፁን ለመስበር የወጣ ነው ብሎ መለሰ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

ለእኛ ግን ከሁሉ የበለጠ የጠቀመን ሌላ ነገር ነው። ይሁዳ መቃቢስና ወንድሞቹ የቤተ መቅደሱን መንጻት በዓል በየዓመቱ ስምንት ቀን እንዲከበር ከጉባኤው ጋር ሆነው ወሰኑ። ቢከርማን እንዳሳየው፣ ሕዝብ ተሰብስቦ በውሳኔ አዲስ በዓል መደንገግ የግሪኮች ልማድ ነበር። እንግዲህ እነዚያው የግሪክን ጣዖት የተዋጉ ሰዎች የግሪክን የአሠራር ሥርዓት ወስደው ለአምላካቸው ክብር አዋሉት። የኢያሶን ወገኖች ለግሪክ ትምህርት ሲሉ ሕጉን ተዉ፤ መቃብያን ግን ሕጉን ይዘው የሚጠቅመውን ወሰዱ። ልዩነቱ ይህ ነው።

(በዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። በቤተ ክርስቲያናችን ያሉት ሦስቱ መጻሕፍተ መቃብያን ታሪካቸው ይህ ታሪክ ከሚገኝባቸው ከግሪኩ መጻሕፍት የተለየ ነውና እንዳናደባልቃቸው።)

4. ይህ እኛን ምን ይነካናል?

በግሪክ ዘመን በእስክንድርያ የነበሩ አይሁድ መጽሐፋቸውን ወደ ግሪክኛ ተረጐሙ፤ የሰባ ሊቃናት ትርጉም የምንለው ነው። የግእዙ ብሉይ ኪዳን የተተረጐመው በዋነኛነት ከዚሁ ከግሪኩ ነው። ስለዚህ እነዚያ ሰዎች የባዕድን ቋንቋ ንቀው ቢተዉት ኖሮ፣ መጽሐፉ ወደ እኛ የመጣበት መንገድ በተዘጋ ነበር። ቢከርማን ያጠናው ዘመን እንግዲህ ለእኛም የቅርብ ዘመን ነው።

ቢከርማን ሰባኪ አልነበረም፤ የክርስትና ሰውም አልነበረም። ከእርሱ የምንወስደው ትጋቱንና ለጥያቄ የሰጠውን ክብር ነው። እርሱ በስደት ላይ ሆኖ አንድን ደብዳቤ ስንት ዓመት ሲመረምር፣ እኛ የአንድ ወንድማችንን ጥያቄ አምስት ደቂቃ እንኳ አልታገሥነውም።

በመጨረሻም ቤቱ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። መልሱን ይዘን መሄዳችን ደስ አሰኝቶታል። እርሱ ግን፣ «መልሱን ባታገኙትም ኖሮ ብትመጡ ይበቃኝ ነበር» አለን። ይህ ቃል ከልባችን አልወጣም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ዕዝራ ምዕራፍ 1ንና ምዕራፍ 6ን አንብባችሁ አዋጆቹ ለማን እንደ ተነገሩ አነጻጽሩ።
2. ከዘመናዊ ትምህርት የሚወሰደውንና የማይወሰደውን በምን እንለያለን?
3. መልስ የሌለን ጥያቄ በክፍላችን ሲነሣ ምን ልናደርግ ይገባናል?